በአሜሪካ ጐዳና የየአገሩን ምግብ ስለ መቅመስና ጤናን ስለ መጠበቅ

አሜሪካ እጅግ ሰፊ አገር ናት። በምሥራቅ ካለው ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ በምዕራብ እስካለው እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ ድረስ በመኪና ለመሻገር የፈለገ ሰው፣ አጭሩን መንገድ ቢመርጥ እንኳ፣ 4,000 ኪሎሜትር ያህል መጓዝ ግድ ይሆንበታል። ይህን ጉዞ ቀላል ያደረገው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. በ1956 የፈረሙት የአውራ ጐዳና ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት 41,000 ማይል፣ ማለት 66,000 ኪሎሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሰፊ ጐዳና እንዲሠራ ተወሰነ። ከዚያ በፊት መንገደኛው የሚሄድበት ዝነኛው ባለ 66 ቍጥር መንገድ ነበር። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1926 ተሰይሞ ከቺካጎ እስከ ሳንታ ሞኒካ በየከተማው መካከል እያቋረጠ የሚያልፍ ሲሆን፣ በ1985 ከመንግሥት የመንገድ መዝገብ ተሠርዟል፤ ቍራጮቹ ግን ዛሬም ይነዳባቸዋል።

አዲሱ ጐዳና ከተማ ለከተማ አይሄድም፤ ከከተሞቹ ዳር ዳር ያልፋል። ስለዚህ በየመውጫው ነዳጅ ማደያና በአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ምግብ ቤቶች ተሰልፈው ይገኛሉ። መንገደኛው ከዋሽንግተን እስከ ሎስ አንጀለስ ድረስ ያንኑ ዳቦና ሥጋ፣ ያንኑ የተጠበሰ ድንች፣ ያንኑ ለስላሳ መጠጥ ሲበላና ሲጠጣ ሊሰነብት ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው አገሩን አለፈበት እንጂ አየው አይባልም። ከዚህም በቀር ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ማታ ደክሞኛል ብሎ ይተኛል፤ የደከመው ግን ዓይኑና ወገቡ ነው እንጂ እግሩ ሥራ አልሠራም።

ይህ ነገር ምን ያህል እንደሚጐዳ ለማወቅ ኑሯቸውን በመንገድ ላይ ያደረጉትን ሰዎች መመልከት ይበቃል። የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ጤና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ረጅም መንገድ የሚነዱትን የከባድ መኪና ነጂዎች መርምረው፣ ከ100 ነጂዎች 69 ያህሉ ከልክ በላይ የወፈሩ ሆነው አገኙ። ይህም በሌላ ሥራ ላይ ካሉት ሰዎች እጥፍ ማለት ነው። እኛን ምን አገባን እንዳንል፣ ዛሬ በዚያ አገር ከባድ መኪና ከሚነዱት መካከል የኢትዮጵያ ተወላጆች ቍጥራቸው ቀላል አይደለም፤ ይህን መጽሔት ከሚያነቡትም መካከል ወንድሙ ወይም አጎቱ በዚሁ ሥራ ላይ ያለ ብዙ ሰው አለ። የእኔም አጎት ከነዚሁ አንዱ ናቸው። ሐኪም የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ሲነግራቸው በጣም ዐዘኑ፤ «እንግዲህ የቀረኝ ሣር መጋጥ ነው» እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ሐኪሙ ግን ያላቸው ሌላ ነው፤ መርጠው ይብሉ፣ ለክተው ይብሉ፣ በየቀኑም ይራመዱ፣ መድኃኒትዎንም አያቋርጡ አላቸው። ባለፈው ክረምት ዕረፍት ወስደው ቤተ ሰባቸውን በትንሽ መኪና ከዋሽንግተን በኒው ኦርሊንስና በሳንታ ፌ በኩል ወደ ሎስ አንጀለስ ሲወስዱ እኔም አብሬ ነበርሁ። መንገዱ ጠማማ ስለ ሆነ ከ5,500 ኪሎሜትር አያንስም። በየደረስንበት የአገሩን ምግብ ሳንቀምስ አላለፍንም፤ አሁን የምገልጸውም ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ነው።

መሠረቱ ቀላል ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ከሚበላው አንዱ ብቻ የአገሩ ዝነኛ ምግብ ይሆናል፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ከመኪናው ጓዝ የሚወጡ ቀላል ምግቦች ናቸው። ለዚህም የበረዶ ሣጥን ያስፈልጋል። በውስጡ የተቀቀለ እንቍላል፣ እርጎ፣ ካሮት፣ ፍራፍሬ፣ ውኃ ይያዛል፤ ኦቾሎኒና የአጃ ቂጣ ከውጭ ቢቀመጡም አይበላሹም። የሣጥኑ ቅዝቃዜ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መውጣት የለበትም። ቶሎ የሚበላሽ ምግብ ከቅዝቃዜ ወጥቶ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ መጣል አለበት፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ቀን ደግሞ የሚፈቀደው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በቴክሳስ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከምጣድ የማይሻል ስለ ሆነ ይህ ተራ ማስጠንቀቂያ አይደለም።

ስለ መጠጥ ደግሞ አጥብቄ መናገር እወዳለሁ፤ ምክንያቱም በአሜሪካ መንገደኛን የሚያወፍረው ከሚበላው ይልቅ የሚጠጣው ነው ብዬ አምናለሁ። 355 ሚሊሊትር በሚይዝ አንድ ጣሳ ኮላ ውስጥ 39 ግራም ስኳር አለ፤ ይህም ወደ 10 የሻይ ማንኪያ የሚጠጋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ውስጥ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር ለአንድ ትልቅ ሰው ከ50 ግራም ያህል እንዳያልፍ፣ ቢቻልም በ25 ግራም እንዲወሰን ይመክራል። በነዳጅ ማደያው የሚሸጠው ብርጭቆ ግን ከጣሳው ሁለትና ሦስት እጥፍ ይይዛል፤ በብዙ ምግብ ቤትም ሲያልቅ በነጻ ይሞላል። ነጻ ነው ተብሎ ያልተጠማ ሰው ሲጠጣ ይታያል። በደቡብ ክፍል ደግሞ «ሻይ» ያለ ሰው የሚቀርብለት በበረዶ የቀዘቀዘና በስኳር የከበደ ሻይ ነው፤ ያልጣፈጠውን የፈለገ «ያልጣፈጠ» ብሎ ለይቶ መጠየቅ አለበት። አጎቴ ይህን በደንብ ያውቁታል፤ ብዙ ዓመት የኖሩበት መጠጥ ነውና።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። ከቨርጂኒያ ወደ ሰሜን ካሮላይና ሲገቡ የባርበኪዩ አገር ይጀምራል። ባርበኪዩ ማለት ሥጋን በእንጨት ፍምና ጢስ ቀስ ብሎ ማብሰል ነው፤ በቶሎ በእሳት ላይ ከሚጠበሰው ሥጋ ጋር አንድ አይደለም። በሰሜን ካሮላይና ምሥራቅ አሳማው በሙሉ ይበስላል፤ የሚጨመርበትም ኮምጣጤና የተፈጨ ሚጥሚጣ መሰል በርበሬ ነው። በምዕራቡ በሌክሲንግተን ከተማ ግን ወርቹ ብቻ ይበስላል፤ በኮምጣጤው ላይም ጥቂት ቲማቲም ይጨመራል። በዚህ በአንዲት ቲማቲም ምክንያት የሁለቱ ወገን ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ወደ ደቡብ ካሮላይና ሲወርዱ ደግሞ ሰናፍጭ ይገባበታል።

የእኛ አገር ሰው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ የአሳማ ሥጋ እንደማይበላ የታወቀ ነው። ስለዚህ በደቡብ አሜሪካዊ ምግብ ቤት ውስጥ ሥጋውን ብቻ ሳይሆን አትክልቱንም መጠየቅ ያስፈልጋል። ከእኛ ጎመን ጋር የሚመሳሰለው የዚያ አገር ጎመን ብዙ ጊዜ ከአሳማ አጥንት ጋር ይቀቀላል፤ ባቄላ መሰሉ ጥራጥሬም እንዲሁ፤ የበቆሎው ዳቦ አንዳንድ ቦታ በአሳማ ስብ ይጋገራል። አስተናጋጇን በትሕትና ቢጠይቋት አትቀየምም፤ ገብታ ወጥ ሠሪውን ጠይቃ ትነግራለች። እኛ በሌክሲንግተን የበላነው ዶሮና በዚያው በኮምጣጤው ቅመም የታሸ ጥቅል ጎመን ነበር። ይህ ጥቅል ጎመን ለጤና ከሌላው የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም በሌላው ቦታ የሚታሸው በእንቍላልና በዘይት በተሠራ ማዮኔዝ ሲሆን፣ ይኸኛው ግን ዘይት እምብዛም የለበትም። በጠዋት የሚቀርበው ግሪትስ የሚባለው ነገር የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ቅቤውን ካልቀነሱለት ግን ከእናቶቻችን ገንፎ አይቀልም።

በቴኔሲ ዳር ያለው የግሬት ስሞኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በአሜሪካ ካሉት ብሔራዊ ፓርኮች ሁሉ ብዙ ሰው የሚጐበኘው ነው። የመግቢያ ዋጋ አያስከፍልም፤ ከእ.ኤ.አ. 2023 ወዲህ ግን ከ15 ደቂቃ በላይ መኪናውን የሚያቆም ሰው የማቆሚያ ወረቀት ይገዛል። ብዙዎቹ ጐብኚዎች ከመኪና ሳይወርዱ ፎቶግራፍ አንሥተው ይመለሳሉ። ሁለት ሰዓት በዛፎቹ ሥር የተራመደ ሰው ግን የዚያን ቀን እራቱን በደስታ ይበላል።

ሜምፊስ ከተማ የሚታወቀው በደረቅ ቅመም ታሽቶ በሚበስል የአሳማ ጎድን ስለ ሆነ ለእኛ ብዙ አልጠቀመንም። ነገር ግን በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው የእግረኞች መሻገሪያ አለ። ርዝመቱ አንድ ማይል ያህል ነው፤ የተሠራውም እ.ኤ.አ. በ1916 በተከፈተው አሮጌ የባቡር ድልድይ ጐን ነው። ሰው በእግሩ ከቴኔሲ ተነሥቶ አርካንሳስ ገብቶ ይመለሳል፤ በአጠገቡ የጭነት ባቡር ሲያልፍ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ከመኪና ወርዶ ለአንድ ሰዓት መራመድ ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ቦታ በመንገዳችን አላገኘንም።

ኒው ኦርሊንስ ግን በምግብ ነገር ከሁሉ በላይ ናት፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይባት። የከተማዋ ዋና ወጥ ጋምቦ ይባላል። ስሙ የመጣው በመካከለኛው አፍሪካ ቋንቋዎች ባሚያን ከሚጠሩበት ቃል ነው። ባሚያን በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በጋምቤላና በቤኒሻንጉል፣ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። በባርነት ተግዘው የሄዱት አፍሪካውያን ይህን አትክልት በዚያ አገር ለመዱበት፤ ፈረንሳዮቹ ዱቄትን በስብ ማቁላላትን አመጡ፤ ቾክቶ የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች ደግሞ የሳሳፍራስን ቅጠል አድርቀው ወቅጠው ወጥ ማወፈሪያ ማድረግን አስተማሩ። እንግዲህ በአንድ ሳሕን ውስጥ የሦስት ክፍለ ዓለም ሰዎች ታሪክ አለ ማለት ነው። የዱቄቱ መቁላላት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እናቶቻችን ሽንኵርቱን ለዶሮ ወጥ ሲያቁላሉ ከምድጃው እንደማይርቁ ሁሉ፣ የዚያ አገር ወጥ ሠሪም ዱቄቱ የቡና ቀለም እስኪይዝ ድረስ ማማሰያውን አይጥልም። ቀጥሎ ሽንኵርት፣ ሴለሪና የፈረንጅ ቃሪያ ይገባበታል። ከዚያ በኋላ ዶሮ ወይም ሽሪምፕ ይጨመራል፤ ብዙ ጊዜም የአሳማ ቋሊማ ስለሚኖርበት አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ጋምቦ በሁለት ልክ ይሸጣል፤ በትንሽ ኩባያና በትልቅ ሳሕን። ትንሹን ኩባያ ከሰላጣ ጋር የበላ ሰው ምግቡን በሚገባ ቀምሶታል። ትልቁን ሳሕን የበላም የሚያገኘው ጣዕም ያው ነው፤ የሚጨምረው ሩዝና ስብ ብቻ ነው። ፖ ቦይ የሚባለው ረጅም ዳቦ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1929 የከተማው የትራም ሠራተኞች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ማርቲን የሚባሉ፣ ቀድሞ በትራም ይሠሩ የነበሩ ወንድማማቾች ለድኾቹ አድመኞች በነጻ ያበሉት እንደ ነበረ ይነገራል። የተጠበሰ ሽሪምፕ የሞላበት አንድ ሙሉ ዳቦ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ግማሹንም ብቻ መግዛት ይቻላል። ሰኞ ሰኞ የሚበላው ቀይ ቦሎቄ በሩዝ ነው፤ በድሮ ዘመን ሰኞ የልብስ ማጠቢያ ቀን ስለ ነበረ ሴቶቹ ቦሎቄውን ጥደው ወደ እጥበቱ ይሄዱ ነበር። ይህ ምግብ ቋሊማው ከቀረ ለስኳር በሽተኛ የሚስማማ ነው፤ ቦሎቄ ቀስ ብሎ ስለሚፈጭ የደሙን ስኳር በአንድ ጊዜ አያወጣውም። የሩዙን መጠን መቀነስ ግን ያስፈልጋል። ቡናቸውን ቺኮሪ ከሚባል የተቈላ ሥር ጋር ቀላቅለው ይጠጡታል፤ ቡና በጠፋበት በእርስ በርስ ጦርነታቸው ዘመን የተለመደ ነው ይባላል። ቡና ከተትረፈረፈ በኋላም ለምን እንዳልተዉት ለቡና አገር ልጅ አይገባም።

በኒው ኦርሊንስ ሜዳ ስለ ሆነ መራመድ አይከብድም፤ የሚከብደው ሙቀቱ ነው። ስለዚህ በጠዋት ተነሥቶ ከቀኑ ሦስት ሰዓት በፊት መሄድ ይሻላል። በሴንት ቻርልስ ጐዳና ላይ ከእ.ኤ.አ. 1835 ጀምሮ የሚሠራ ትራም አለ። እኛ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር አንድ ሰዓት በእግር ሄደን በትራሙ ተመለስን።

ስለ መራመድ ሲነገር አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት 5.6 ኪሎሜትር ፍጥነት አንድ ሰዓት ቢራመድ 280 ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። ከላይ የተነገረው አንድ ጣሳ ኮላ ብቻውን 140 ካሎሪ አለው። ስለዚህ አንዱን ጣሳ ለመክፈል ግማሽ ሰዓት መራመድ ያስፈልጋል። ብዙ በልቼ በኋላ በእግሬ አቃጥለዋለሁ የሚል ሰው ሒሳቡ አይወጣለትም። የመራመድ ጥቅሙ ሌላ ነው። ጡንቻ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ስኳሩን ከደም ውስጥ ስቦ ይጠቀምበታል፤ ስለዚህ ከምግብ በኋላ የሚደረግ የ10 ወይም የ15 ደቂቃ ጉዞ እንኳ ከምግቡ የመጣውን ስኳር ዝቅ ያደርጋል። አጎቴ ይህን በራሳቸው መለኪያ አዩት። በልተው መኪና ውስጥ በገቡበት ቀንና በልተው በተራመዱበት ቀን መካከል ያለውን ልዩነት በትንሽ ደብተር ጽፈው ለሁላችን አሳዩን፤ ከዚያ በኋላ ከምሳ በኋላ እንውጣ የሚሉት እርሳቸው ሆኑ።

በካሎሪ ነገር የአሜሪካ ሕግ ለመንገደኛው አንድ እርዳታ ሰጥቶታል። ከእ.ኤ.አ. ግንቦት 2018 ጀምሮ 20ና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸው ምግብ ቤቶች የእያንዳንዱን ምግብ ካሎሪ በዋጋው አጠገብ የመጻፍ ግዴታ አለባቸው። ለአንድ ትልቅ ሰው በጠቅላላው የሚገመተው በቀን 2,000 ካሎሪ መሆኑን ያወቀ ሰው፣ ግማሽ ቀን የሚበቃ ካሎሪ በአንድ ሳሕን ላይ ሲያይ ከጓደኛው ጋር መካፈልን ይመርጣል። በትንንሾቹ የቤተ ሰብ ምግብ ቤቶች ግን ቍጥር አይጻፍም፤ እዚያ የሚረዳው ዓይን ነው። የተረፈውን በሣጥን ስጡኝ ማለት በዚያ አገር ነውር አይደለም፤ እንዲያውም አስተናጋጁ ራሱ ይጠይቃል።

ከሉዊዚያና ወደ ቴክሳስ ሲገቡ ሥጋው የበሬ ስለሚሆን ለእኛ ሰው እፎይታ ነው። ሎክሃርት የምትባል ትንሽ ከተማ የቴክሳስ ምክር ቤት የባርበኪዩ ዋና ከተማ ብሎ ሰይሟታል። በዚህ አካባቢ ሥጋ ማጨስን የጀመሩት ከጀርመንና ከቼክ አገር በ19ኛው መቶ ዓመት የመጡ ሥጋ ሻጮች ናቸው። ፍርምባው በጨውና በቍንዶ በርበሬ ብቻ ታሽቶ፣ በባሉጥ እንጨት ጢስ 12 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይበስላል። ሥጋው እንደ እኛ ሥጋ ቤት በሚዛን ይሸጣል፤ የሚቀርበውም በወረቀት ላይ ነው። ሻጩ ቢላዋውን ይዞ «ቀዩን ነው ወይስ ጮማውን?» ብሎ ሲጠይቅ አጎቴ ሳቁ፤ ካዛንቺስ የደረሱ መስሏቸው ነበር። በሚዛን መሸጡ ለጤና በጣም ይጠቅማል፤ አንድ ፓውንድ 454 ግራም ስለ ሆነ ሩብ ፓውንድ ቀይ ሥጋ 113 ግራም ብቻ ነው፤ ሰውም የሚበላውን ያህል ያዛል። አጎቴ ሩብ ቀይ ሥጋ ከአንዲት ቅንጣቢ ጮማ ጋር አዘዙ። ጮማዋን መጨረሻ ላይ በሉ። በአውስቲን ከተማ ደግሞ ባርተን ስፕሪንግስ የሚባል የምንጭ መዋኛ አለ፤ ውኃው ክረምት ከበጋ 20 ዲግሪ ያህል ስለ ሆነ በዚያ ሙቀት ውስጥ ለገባበት ሰው እውነተኛ ደስታ ነው።

ከዚያ በኋላ እስከ ሳንታ ፌ ድረስ ያለው ከ1,000 ኪሎሜትር በላይ የሆነ ሜዳ ነው። ስለ መቀመጥ ጕዳት የሚነገረው እዚህ ላይ ነው። የባት ጡንቻ በተንቀሳቀሰ ቍጥር በእግር ውስጥ ያለውን ደም ወደ ልብ ይገፋዋል። ሰው ከአራት ሰዓት በላይ ሳይነቃነቅ ሲቀመጥ ግን ደሙ በእግሩ ሥር ውስጥ ሊረጋ፣ የረጋውም ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊገድል ይችላል። ይህ በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ አይደለም፤ በዕድሜ ለገፋ፣ ለወፈረ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ላደረገ ሰው ግን አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ መቆም ደንብ መሆን አለበት። በአውራ ጐዳናው ላይ መንግሥት የሠራቸው ማረፊያዎች አሉ፤ መጸዳጃ፣ ጠረጴዛና ሣር አላቸው። ሕፃናት በቀን 60 ደቂቃ መንቀሳቀስ ስለሚገባቸው ኳስና የዝላይ ገመድ መያዝ መልካም ነው። በጐዳናው ጠርዝ ላይ ቆሞ መዝለል ግን ሞትን መጥራት ነው፤ ወደ ማረፊያው መግባት ያስፈልጋል።

በኒው ሜክሲኮ ማንኛውም ምግብ ቤት «ቀይ ነው ወይስ አረንጓዴ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ በይፋ የግዛቲቱ ጥያቄ ተብሎ ተሰይሟል፤ የሌላ ግዛት ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል። የኢትዮጵያ ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል፤ ቃሪያ ነው ወይስ በርበሬ ማለት ነውና። ተክሉ አንድ ነው፤ ሳይበስል የተለቀመው አረንጓዴው፣ በስሎ የደረቀው ቀዩ ነው። ሁለቱንም የሚፈልግ «ገና» ይላል፤ ቀይና አረንጓዴ የገና በዓል ቀለማት ስለ ሆኑ ነው። በነሐሴና በመስከረም አረንጓዴው በሚሽከረከር የሽቦ በርሜል በእሳት ይጠበሳል፤ ሽታው መንገዱን ይሞላዋል። ቀዩ ደግሞ እንደ መቍጠሪያ ተሰክቶ በየቤቱ በር ላይ ይንጠለጠላል። የበርበሬ ዘር ሁሉ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ከኮሎምቦስ ዘመን በፊት በኢትዮጵያ በርበሬ አልነበረም። እኛ የራሳችን ነው የምንለው ቅመም በዚያ ዘመዱን አገኘ።

የኒው ሜክሲኮ ምግብ በበርበሬና በፒንቶ ቦሎቄ ላይ ስለሚቆም ያለ ብዙ ስብ ሊበላ ይችላል። ካርኔ አዶቫዳ የሚባለው የአሳማ ነው፤ የአረንጓዴ ቃሪያው ወጥም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። የዶሮ ወይም የአይብ ኤንቺላዳ በሰማያዊ በቆሎ ቂጣ ግን ለእኛ የተፈቀደ ነው፤ አይቡ ይቀነስ ቢሉ ይቀንሱታል። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ቦሎቄውን በቀይ በርበሬ ያለ አይብ ማዘዝ ይችላል፤ የአሳማ ስብ አለመግባቱን ግን ይጠይቅ። ሳንታ ፌ ከባሕር ወለል በላይ 2,190 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ከቈላው የመጡት ሲያለከልኩ አይተናል። እኔ ከአዲስ አበባ ስለ ሄድሁ ምንም አልተሰማኝም፤ 20 ዓመት በባሕር ዳር አገር የኖሩት አጎቴ ግን በመጀመሪያው ቀን በየመንገዱ ያርፉ ነበር።

በአሪዞና ያለው ታላቁ ሸለቆ፣ ግራንድ ካንየን፣ የምግብ ሳይሆን የእግር አገር ነው። ደቡባዊው አፋፍ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ብራይት ኤንጅል በሚባለው መንገድ እስከ መጀመሪያው ማረፊያ ወርዶ መመለስ 5 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ ቍልቍለቱም 340 ሜትር ያህል ይሆናል። ተራራ ስንወጣ በመጀመሪያ ዳገቱን፣ በኋላ ቍልቍለቱን እናገኛለን፤ እዚህ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ በትኩስ ጕልበት ወርዶ በደከመ ጕልበት መውጣት ነው። ስለዚህ የፓርኩ ጠባቂዎች በአንድ ቀን እስከ ወንዙ ወርዶ ለመመለስ እንዳይሞከር ያስጠነቅቃሉ። ውኃና ጨው ያለበት ቍርስ ይዞ በማለዳ መነሣት ያስፈልጋል። በስኳር በሽታ መድኃኒት ላይ ያለ ሰውም ስኳሩ ከልክ በታች እንዳይወርድበት ጣፋጭ ነገር በኪሱ መያዝ አለበት። በጉዞው ሁሉ ከረሜላ የተፈቀደው እዚህ ቦታ ብቻ ነበር።

ሎስ አንጀለስ ስንገባ በፌርፋክስ ጐዳና ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በተሰየመው ሰፈር ምሳ በላን። የጾም በያይነቱ ነበር። በዚያ አገር ጤፍ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአይዳሆ ግዛት ይዘራል፤ ስለዚህ እንጀራው ከባሕር ማዶ የመጣ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ከምሳ በኋላ በሳንታ ሞኒካ ባሕር ዳር በብስክሌትና በእግር የሚኬድበትን መንገድ ተከትለን አንድ ሰዓት ሄድን። አጎቴ በማግስቱ ሲመዘኑ ከዋሽንግተን ሲነሡ ከነበሩበት ክብደት አንድ ኪሎ ቀንሰው ተገኙ።

አሁን ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። በከባድ መኪናቸው ውስጥ ትንሽ የበረዶ ሣጥንና አንድ የዝላይ ገመድ አለ። ከሳንታ ፌ የገዙትን ቀይ በርበሬ ባለቤታቸው አስፈጭተው ከእኛው ጋር ቀላቅለው ሽሮ ሠርተውበታል፤ ቀለሙ ያምራል፣ ማቃጠሉ ግን ከማረቆው አይደርስም።